መልስ፦ የሊን ማኑፋክቸሪንግ ጥናቶችን ካርታ ከየትኛው ዓመት ልጀምር?

ሰላም እህቴ። ለማስተርስ ጽሑፍሽ የሊን (ብክነትን ቀንሶ የማምረት ዘዴ) ምርምር ወዴት እንዳዘነበለ በቁልፍ ቃላት ካርታ ለማሳየት ከየት ልጀምር ብለሻል። ከእ.ኤ.አ. 1977 ጀምሪ፤ የቶዮታ ሰዎች የሊን መነሻ የሆነውን የምርት ሥርዓታቸውን በእንግሊዝኛ ጆርናል ያብራሩት ያኔ ነው። «ሊን» የሚለው ስም የመጣው በ1988፣ በጆን ክራፍቺክ ጽሑፍ ስለሆነ በዚህ ቃል ብቻ ከፈለግሽ መነሻው ያመልጥሻል። «ጀስት ኢን ታይም» (የሚፈለገውን በሚፈለግበት ጊዜ ብቻ ማምረት) የሚለውንም ጨምሪ። ደግሞ «ሊን» ብቻውን ስኮፐስ (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ቋት) ላይ ሲገባ ስለ ሰውነት ጡንቻና ስለ ሞተር ቃጠሎ የተጻፈው ሁሉ ይጎርፋል።

ካርታውን ቪኦኤስቪወር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር መሥራት ትችያለሽ፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ቃል በክብ ያሳያል። አደራ የምልሽ ግን ተመሳሳይ ቁልፍ ቃላትን አስቀድመሽ አዋህጂ። «ሊን ማኑፋክቸሪንግ» እና «ሊን ፕሮዳክሽን» ተለያይተው ከገቡ አንዱ ርዕስ ሁለት ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ስንት ቀን የለፋሽበት ካርታም ያሳስትሻል። የአገራችንን ጥናቶች ለማካተት «ካይዘን» (ቀጣይነት ያለው ማሻሻል) በሚለውም ፈልጊ።