ጉበትና የሠርግ ኦርጋን

ጥያቄ፦ ታላቁ ልጄ በየሠርጉ ኦርጋን ይጫወታል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እኅቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ በተጻፈው የባዮሎጂ መጽሐፏ ልብም፣ ጉበትም፣ ኩላሊትም «ኦርጋን» ተብለው ብታገኝ ግራ ገባት፤ እሱም «በይ ጉበቴን ልጫወትልሽ» እያለ ይቀልድባታል። ለመሆኑ ሁለቱ እንዴት አንድ ስም ሊኖራቸው ቻለ? አማርኛውስ ምንድን ነው?
እናት፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

መልስ፦ የልጅዎ ቀልድ ከቃሉ ታሪክ ብዙም የራቀ አይደለም። ቃሉ የመጣው «ኦርጋኖን» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ይህም «ሥራ» የሚል ትርጉም ካለው «ኤርጎን» ጋር አንድ ሥር ስላለው፣ በመጀመሪያ ማንኛውንም የሥራ መሣሪያ የሚያመለክት ነበር። አርስቶትል የሰውነት ክፍሎችን በዚህ ስም የጠራቸው ነፍስ እንደ መሣሪያ ትገለገልባቸዋለች ብሎ በማሰቡ ነው፤ እጅንማ «የመሣሪያዎች መሣሪያ» ብሎታል። በሌላ በኩል፣ ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት፣ የእስክንድርያው ክቴሲቢዮስ በውኃ ግፊት ነፋስ ወደ ቧንቧዎች እየገባ የሚያዜም መሣሪያ ሠራ፤ የዛሬው ኦርጋን የዚያ ዘር ነው። ቃሉ በላቲን በኩል እንግሊዝኛ ሲደርስ አስቀድሞ የታወቀው በሙዚቃ መሣሪያነቱ ሲሆን፣ የሰውነት ክፍል የሚለው ፍቺ የተከተለው ዘግይቶ ነው።

ወደ አማርኛው ስንመለስ፣ ለነገሩ ልክ የሚሆነው ነባር ቃል «ብልት» ነበር። ባለሙያ ዶሮን 12 ብልት አድርጋ ታወጣለች፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 አካሉ አንድ፣ ብልቶቹ ግን ብዙ መሆናቸውን ያስተምራል። ይሁን እንጂ ዛሬ ቃሉ ብቻውን ሲነገር ሰሚው ሀፍረተ ሥጋን ብቻ ስለሚያስብ፣ መምህራን ሊሸሹት ቢሞክሩ አይፈረድባቸውም፤ እኔ ግን ቃሉ ከወጥ ቤትና ከስብከት ውጭ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ለልጅዎ «የአካል ክፍል» ይበቃታል፤ ስለ ጉበትና ስለ ኩላሊት ለይታ ስትጽፍም «የውስጥ አካል» ብትል ያስኬዳል።

እንግሊዝኛ የአንድን ፓርቲ ጋዜጣም «ኦርጋን» ይለዋል፤ መሣሪያው ነውና። እኛ «ልሳን» የምንለው ግን በግዕዝ ምላስ ማለት ነው። እነሱ የመሣሪያን ስም ለሰውነት ሲያውሱ፣ እኛ የሰውነትን ስም ለጋዜጣ አውሰናል። «አባል»ም እንዲሁ ነው፤ የማኅበርተኛ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት በግዕዝ የሰውነት ክፍል ስም ነበር።