ስለ ሃሪ ዲን ስታንተን የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ደጋፊ ተዋንያን ስጽፍ የአሜሪካዊውን ተዋናይ የስታንተንን ስም በአንድ መስመር ብቻ ነበር ያነሳሁት። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እሱ በመሆናቸው ደስ ብሎኛል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኤሊየን» ላይ ድመት ሲፈልግ የሚሞተው ሰውዬ እሱ ነው?

አዎ፣ ራሱ ነው። በ1979 በወጣው የሪድሊ ስኮት አስፈሪ ፊልም የጠፈር መርከቧን ቴክኒሽያን ብሬትን ይጫወታል። ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ጓደኛው የሚለውን ሁሉ «ልክ ነው» እያለ ያጸድቃል። ድመቱን ፍለጋ ሲገባ ግን ካሜራው ከእሱ አይለይም። ሰንሰለት በተንጠለጠለበት ክፍል ውስጥ ከላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ቀና ያደርግና ውኃው እንዲወርድበት ይተወዋል። ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር የለም። ብሬትን እንደ ሰው የምናውቀው ግን እዚያች ላይ ነው፤ ሞቱ የሚያሳዝነንም ለዚህ ነው።

መሪ ተዋናይ ሆኖ አያውቅም?

ሆኗል፤ ግን በስንት ዘመኑ! በ1926 ኬንታኪ ተወለደ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ካሜራ ፊት ቆመ፣ «ፓሪስ፣ ቴክሳስ»ን ሲሠራ 57 ዓመቱ ነበር። ሳም ሼፐርድ የጻፈው፣ ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ1984 በካን ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባን ወሰደ።

ስታንተን የሚጫወተው ትራቪስ ቀይ ኮፍያ አድርጎ ከበረሃ ብቅ ይላል፤ ለረጅም ጊዜ ቃል አይተነፍስም። ወደ መጨረሻው ጥላው የሄደችውን ሚስቱን ያገኛታል። እሱ የሚያያት፣ እሷ ግን የማታየው መስታወት መካከላቸው አለ፤ የሚነጋገሩት በስልክ ነው። ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ይሰጣትና የገዛ ትዳራቸውን እንደ ሰው ታሪክ ይተርክላታል። ሌላ ተዋናይ በጩኸት የሚወጣውን ቦታ እሱ ዝግ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ ያልፈዋል። ለሌሎች ሲያግዝ በኖረባቸው ዓመታት ሰው እንዴት እንደሚያዳምጥ ጠንቅቆ አውቆ ነበር፤ እዚህ ላይ ሲናገርም እሷን እያዳመጠ ነው።

ቴሌቪዥን ላይስ?

ጀማሪ ሳለ «ገንስሞክ»ን በመሳሰሉ የካውቦይ ድራማዎች ላይ ደጋግሞ ታይቷል። ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ ተከታታይ ድራማ «ቢግ ላቭ» ራሱን ነቢይ ያደረገውን ሮማን ግራንትን ተጫወተ፤ ሰውዬው የሚያስፈራው ረጋ ብሎ ስለሚያወራ ነው። እኔ የምወድለት ግን የ2017ቱን «ትዊን ፒክስ» ነው። ልጇ በመኪና ተገጭቶ የሞተባትን እናት አጠገቧ ተንበርክኮ ዓይኗን ያያታል። አያባብላትም፤ አብሯት ይሆናል።

ኦስካር አግኝቷል?

ታጭቶም አያውቅ። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ሃያሲው ሮጀር ኢበርት ግን እሱ ወይም ኤም. ኤሜት ዋልሽ በደጋፊነት ያለበት ፊልም ጨርሶ መጥፎ ሊሆን አይችልም የሚል ደንብ አውጥቶላቸው ነበር።

ወታደር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ጃፓን፣ ኦኪናዋ ዘምቷል። በመጨረሻ ዘመኑ በሠራው «ለኪ» በተባለው ፊልም ላይ የሚጫወተው ሽማግሌም በባሕር ኃይል ምግብ አብሳይ የነበረ ነው። ስታንተን በሴፕቴምበር 2017 በ91 ዓመቱ ሲያርፍ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ከየትኛው ልጀምር?

ከ«ፓሪስ፣ ቴክሳስ» ይጀምሩ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ፊልም ነውና ማታ ደክሞዎት ሳይሆን እሁድ ከሰዓት ይዩት። ከዚያ «ለኪ»ን፤ ልደት ድግስ ላይ ተነስቶ በስፓኒሽ የሚያዜምበት ጋ ሲደርሱ ስልክዎን ያስቀምጡልኝ። «ኤሊየን»ን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያድርጉት።