የውሻችሁ ቆዳና አሥሩ ደቂቃ

አብዛኞቻችን ያደግነው ውሻ በግቢ በር አጠገብ በሚያድርበት ቤት ነው። ቆዳው ሲላጥ «እከክ ይዞታል» ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። እዚህ አሜሪካ ግን ውሻው ሳሎን ገብቷል፤ ከልጆቻችን ጋር አንድ ሶፋ ላይ ይተኛል። ሌሊት ራሱን ሲያክ አንገቱ ላይ ያለው ሰንሰለት ሲንኳኳ ይቀሰቅሰናል። እንግዳ ሊመጣ ሲል ደግሞ የሽታው ነገር ያስጨንቀናል። ያን ጊዜ የሰው ሳሙናም ቢሆን በእጃችን ያገኘነውን እናነሳለን። ይህን የምጽፈው እኔም ያደረግኩት ስለሆነና ውሻዬ ስለተጎዳበት ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ውሻዬ ቡቺ ሁለት ዓመት ሲሞላው የእግሩን ጣቶች መሃል ሲልስ መዋል ጀመረ፤ ነጭ የነበረው ፀጉሩ እዚያ ቦታ ላይ የዝገት መልክ ያዘ። ብብቱና ብሽሽቱ ጠቆረ፣ ወፈረ፣ ወዛም ሆነ። ቤቱን የሻገተ ነገር ሽታ ሞላው። የፋሲካ ሰሞን ስለነበር በራሴ የፎረፎር ሻምፖ፣ ያውም በሙቅ ውሃ፣ በየሁለት ቀኑ አጠብኩት። በሳምንቱ ቆዳው ቀልቶ መቁሰል ጀመረ። ቀጥሎ ከሱቅ መድኃኒት ያለበት የውሻ ሻምፖ ገዛሁ፤ ቀባሁት፣ ወዲያው አለቀለቅሁት፣ ሁለት ጊዜ ሞክሬ «ይሄማ አይሠራም» ብዬ ጣልኩት።

በመጨረሻ የወሰድኩት የእንስሳት ሐኪም ጋ ነው። ሐኪሟ ግልጽ ፕላስተር ብብቱ ላይ ለጥፋ አነሳችውና ቀለም አስነክታ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ወይን ጠጅ ቀለም የያዙ፣ እንደ ለውዝ ወገባቸው የጠበበ ነገሮች መስኩን ሞልተውታል። ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ከዚያ ሻምፖውን ስንት ደቂቃ እንዳቆየሁበት ጠየቀችኝ። ያዘዘችልኝ መድኃኒት እኔ የጣልኩት ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱ ሳይለቀለቅ የሚቆይበት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህ ፈንገስ ጤነኛ ውሻ ላይም በጥቂቱ ይኖራል። የቆዳ ቁስል የሚያመጣው የተለመደው ባክቴሪያ፣ ስታፊሎኮከስ ሱዲንተርሚዲየስ የሚባለው፣ እንዲሁ ነው። ቆዳው ሲዳከም ሁለቱም ይባዛሉ። ቆዳውን የሚያዳክመው ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው፤ የቁንጫ ምራቅ፣ የአበባ ብናኝ፣ የአቧራ ተባይ፣ አንዳንዴም ምግብ። ስለዚህ ሻምፖው የተባዛውን ያጸዳል እንጂ አለርጂውን አያጠፋም። ይህን ያልተረዳ ሰው ውሻው ድኖ ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስበት ሐኪሙን ይወቅሳል።

የሁለቱ ምልክት ይለያያል። ፈንገሱ ሽታ፣ ወዝና የጠቆረ ወፍራም ቆዳ ያመጣል። ባክቴሪያው ብጉር ያወጣል፤ ብጉሩ ሲፈነዳ ዙሪያውን የተላጠ ክብ ይተዋል። ያንን ክብ አይተው «ጭርት ነው» ብለው የጭርት ቅባት ለሳምንታት የቀቡ አውቃለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው። የፕላስተሩ ምርመራ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ሐኪሙ ሳይሠራው መድኃኒት ሊጽፍ ከጀመረ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ጠርሙስ ስትገዙ ፊት ለፊት ያለውን ሥዕል ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። ክሎርሄክሲዲን ከ2 እስከ 4 በመቶ ያለበት ለባክቴሪያ ነው። ክሎርሄክሲዲንና ማይኮናዞል እያንዳንዳቸው 2 በመቶ የተቀላቀሉበት ለሁለቱም ይሆናል፤ ቡቺን ያዳነው ይህ ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ ያለበት በጣም ወዛም ለሆነና የፀጉር ሥሩ ለተደፈነ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ያደርቃል፣ ፎጣና ምንጣፍም ቀለሙን ያስለቅቃል። ለሰው ብጉር የሚሸጠው 5ና 10 በመቶው ለውሻ ይበረታበታል። ድኝና ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ቅርፊት ያነሳል። የአጃ ሻምፖ ማሳከክ ያስታግሳል፣ ጀርም ግን አይገድልም፤ ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚታየው እሱ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ ነው የሚያዝነው። ቤት ውስጥ ድመት ካለች የከሰል ሬንጅ ያለበትን አታስገቡ፤ ለድመት መርዝ ነው።

የእኛ ፎረፎር ሻምፖ ለምን ጎዳው? የውሻ የላይኛው ቆዳ ከእኛ ይልቅ ስስ ነው፤ የእኛ ቆዳ አሲድነት ሲኖረው የእሱ ወደ ገለልተኛው ይጠጋል። ለእኛ የተሠራው ሳሙና ከእሱ ላይ መከላከያ ቅባቱን ይገፈዋል።

አሁን አጠባጠቡ። ቡቺን ባኞ ውስጥ የማያንሸራትት ምንጣፍ ላይ አቆመዋለሁ፤ እግሩ ካዳለጠው ይፈራል፣ ከፈራ ደግሞ አሥር ደቂቃ አይቆምም። ውሃው ለብ ያለ፣ ወደ ቀዝቃዛው የሚያደላ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ማሳከኩን ያባብሳል። ቆሻሻና ወዝ ከበዛበት መጀመሪያ በተራ የውሻ ሻምፖ አጥቤ አለቀልቃለሁ፣ መድኃኒቱ በቆሻሻ ላይ ሳይሆን በቆዳ ላይ እንዲያርፍ። ፀጉረ ረጅም ከሆነ ሐኪሙን ጠይቃችሁ አሳጥሩት። መድኃኒቱን የምጀምረው በጣም ከታመመው ቦታ ነው፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ የጣቶቹ መሃል፣ የጅራቱ ሥር። እዚያ የተቀባው ሌላውን ሰውነት እስክጨርስ ድረስ ሲቆይ ቆይቷል። በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ እስከ ቆዳው አደርሰዋለሁ፣ አልፈትገውም። ከዚያ የስልኬን ሰዓት አሥር ደቂቃ እሞላለሁ። በግምት አትሂዱ፤ እርጥብ ውሻ ይዞ ለቆመ ሰው ሦስት ደቂቃ አሥር ይመስለዋል። ያን ጊዜ የተቀቀለ ዶሮ በቁርጥራጭ እሰጠዋለሁ፣ ልጄ ደግሞ ታወራለታለች። እንዳይልሰው መጠበቅም አለ።

ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ክሎርሄክሲዲን የዓይኑን የፊት መስታወት ሊያቆስል ይችላል። ጆሮው ውስጥም አታፍስሱ፤ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ መስማቱን ሊያሳጣው ይችላል። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። ማለቅለቁ ከመቀባቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ውሃው ጥርት ብሎ ከወረደ በኋላም ትንሽ ጨምሩ፣ የቀረ ሻምፖ ራሱ ያሳክካልና። በፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት፤ ፎን ከተጠቀማችሁ ቀዝቃዛው ላይ ይሁን። የጣቶቹ መሃል እርጥብ ከቀረ ፈንገሱ እዚያው ይመለሳል።

ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሦስትና አራት ሳምንት ነው። ቡቺ በሁለተኛው ሳምንት ሽታው ጠፋ፣ ማቆም አማረኝ። ሐኪሟ ግን በፕላስተር ደግማ እስክታይ ድረስ አላቆመችውም፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሳምንት አንድ ጊዜ የወረደው። በወር አንዴ ጀርባው ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከማድረጋችሁ ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ አትጠቡት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱ በውሃ ይሄዳል።

አንዳንዱ ሰው ሻምፖ የድሃ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ ክኒን ግን እውነተኛው ሕክምና ይመስለዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሐኪሞች መመሪያ፣ ላይ ላዩን ላለ የቆዳ ባክቴሪያ ቀዳሚው ምርጫ በቆዳ ላይ የሚደረግ መድኃኒት ብቻውን ነው ይላል፤ ምክንያቱ ባክቴሪያው ክኒኑን እየለመደ መምጣቱ ነው። ሐኪሙ ክኒን ሳይሰጣችሁ ሻምፖ ብቻ ቢያስይዛችሁ የናቃችሁ አይምሰላችሁ።

ከቤት ልማዳችን ልትተዉት የሚገባም አለ። ሎሚ የተላጠ ቆዳ ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት ውሻ ከላሰው ደሙን ይጎዳል። ዲቶል ቆዳውን ያቆስላል። እንዶድን የማነሳው በአክብሮት ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ለብልሃርዚያ መከላከያ ምርምር የጀመሩት፤ ሆኖም ያ አረፋ ለቆሰለ፣ ኋላም ለሚላስ ቆዳ የሚሆን አይደለም። እዚህ ፋሽን የሆነው ቲ ትሪ ኦይልም ውሻን ይመርዛል።

ሻምፖ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ቆዳው ተበስቶ መግልና ደም ከወጣ፣ ከነካችሁት ከጮኸ፣ መብላት ካቆመ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። የጆሮው ጫፍና ክርኑ ተልጦ ቀንና ሌሊት የሚያክ ከሆነ፣ በተለይም የቤት ሰው ከተሳከከ፣ የእከክ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በእነዚህ ሻምፖዎች አይለቅም፣ ሰውም ላይ ይሄዳል። እውነተኛው ጭርትም ከውሻ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ብዙዎቻችን አገር ቤት ስንሄድ ለወንድም ውሻ አንድ ጠርሙስ እንይዛለን። ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። መታጠብ ያልለመደ የግቢ ውሻ ባኞ አይቶ አያውቅምና ሊነክስ ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ መወሰዱን መጀመሪያ ጠይቁ። ስለ ቆዳው ግራ ከገባቸው ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። እኔ ባለፈው ለወንድሜ ስሰጠው እንግሊዝኛው ላይ ወረቀት ለጥፌ በአማርኛ ጻፍኩበት፦ «አሥር ደቂቃ በሰዓት። ዓይንና ጆሮ አይንካ። ታጥቦ እስኪለቅ አይላስ። ማክሰኞና ቅዳሜ።»