የኮርኒስ ስፒከር ስንት ይጨምራል? ለደሴው ወንድማችን

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይሄ ነው። ቤቱ ደሴ ነው፣ 5.1 ሆም ቲያትር አለው፤ ማለትም ዙሪያውን አምስት ስፒከርና ቤዙን የሚያወጣ አንድ ሳብዉፈር። ኮርኒሱ ላይ ሁለት ወይም አራት ስፒከር ልጨምር ወይ፣ የሚወጣበትን ብር ያህል ለውጥስ አለው ወይ ይላል። ከስር ግማሹ «ሌላ ዓለም ነው» ብሏል፣ ግማሹ «ብር ማባከን»። እንደቤቱ ነው።

እኔም ደሴ ነኝ። ሳሎኔ ላይ ያለኝ 5.1.2 ነው። ሦስተኛዋ ቁጥር ከላይ ያሉትን ስፒከሮች ነው የምትቆጥረው። ኮምቦልቻ የባለቤቴ ወንድም ቤት ደግሞ 5.1.4 ገጥመናል። ሁለቱንም በጆሮዬ አውቃቸዋለሁ።

መልሴን ላስቀድም። ሁለት ከላይ ስታደርግ ይጨምራል። ግን ከቴሌቪዥን ድምፅ ወደ 5.1 ስትሻገር የሰማኸውን ለውጥ አትጠብቅ። የዚያን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ከሁለት ወደ አራት ስትሄድ የሚጨመረው ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ለአብዛኛው ሳሎናችን አያስፈልግም እላለሁ።

ለምን? አንድ ቀን ፊልም ከፍቼ ወንበር ላይ ወጣሁና ጆሮዬን የላይኛው ስፒከር ስር ደቀንኩ። ሰዎቹ ሲያወሩ ጭጭ ነው። ሙዚቃ ሲገባ ትንሽ ያንሾካሹካል። ድንገት ሄሊኮፕተር መጣ፣ ባናቴ ላይ አልፎ ሄደ። ከዚያ እንደገና ጭጭ። የአብዛኛው ፊልም ሰፊው ክፍል ንግግር ነው። ንግግር ደግሞ የሚወጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው። የላዮቹ ሲሠሩ ግን ይሠራሉ። በተለይ ዝናብ ላይ! አማቴ እኛ ቤት ፊልም እያዩ ዝናቡ ሲጀምር «ኧረ ልብሱን አስገቡ!» ብለው ተነስተው ነበር።

የላዮቹን ስፒከሮች የሚያሠራው የፊልም ድምፅ አቀራረጽ ዶልቢ አትሞስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ ቤት ወጣ፣ በ2014 ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ከድሮው የሚለየው፣ ድምፁ ለዚህ ወይም ለዚያ ስፒከር ተብሎ ብቻ አለመቀረጹ ነው። ሄሊኮፕተሩ ክፍሉ ውስጥ የት ጋ እንዳለ አብሮ ይመዘገባል። አምፕሊፋየርህ ባለህ ስፒከር ልክ ያከፋፍለዋል። ስለዚህ ከላይ ስፒከር ባይኖርህ ድምፁ አይጠፋብህም፤ ወደ ታቾቹ ይወርዳል። የሚቀርብህ ከፍታው ብቻ ነው።

ስለ ስፒከሩ ዓይነት ደግሞ አትጨነቅ። ጆሯችን ግራና ቀኝን የሚለየው ድምፁ አንደኛው ጆሮ ጋ ቀድሞና ጎልቶ ስለሚደርስ ነው። ከራስ በላይ የሚመጣው ግን ሁለቱም ጋ እኩል ይደርሳል። ያኔ ከፍታውን የሚነግረን የጆሯችን ቅርፅ ነው፤ እሱም በዋናነት የሚሠራው በቀጫጭን ድምፆች ላይ ነው። ጥርት ያለ ትዊተር (ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) ያለው ትንሽ ስፒከር ይበቃሃል። ቤዙን ሳብዉፈሩ ይሸከመዋል።

አሁን ምን እንደምታይ ንገረኝ። በፍላሽ የምናስጭነው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ተጨምቆ የመጣ ነው። ድምፁ ሁለት ቻናል፣ ቢበዛ 5.1 ነው። እዚህ የምናያቸው የዲሽ ቻናሎችም ያው ናቸው። ዩቲዩብ አትሞስ የለውም። ኔትፍሊክስ አለው፣ ግን ውዱን ፓኬጅ ይፈልጋል፣ ኢንተርኔቱም መቻል አለበት። ፊልሙ እየሄደ የአምፕሊፋየሩን መስኮት ተመልከት፤ አትሞስ ካላለ አትሞስ እየሰማህ አይደለም። ቴሌቪዥንህ ከአምፑ ጋር የተያያዘው በኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን በሚያሳልፈው ቀጭን ገመድ) ከሆነ ደግሞ አትሞሱ በጭራሽ አያልፍም። በኤችዲኤምአይ ኤአርሲ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ አምፑ በሚመልሰው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ) የኔትፍሊክሱ ያልፋል። የብሉሬይ ማጫወቻ ካለህ በቀጥታ አምፑ ላይ ሰካው።

ተራውንም ድምፅ ወደ ላይ የሚዘረጋ ነገር አምፖቹ ላይ አለ። ዶልቢ ሰራውንድ ወይም ዲቲኤስ ኒውራል ኤክስ ይላል። ኳስ ላይ እወደዋለሁ፤ የተመልካቹ ጩኸት ክፍሉን ይሞላዋል። ሙዚቃ ላይ ግን አልወደውም። አምባሰል ወይም መንዙማ ስከፍት የላዮቹንም የኋላዎቹንም አጥፍቼ በፊተኞቹ ሁለት ብቻ ነው የምሰማው። ድቤ ከኮርኒስ ሲመጣ አይዋጥልኝም።

ወደ ኮርኒሱ ልምጣ። ነገሩ የሚከረው እዚህ ጋ ነው።

እኔ ቤት ችፑድ ነው። ስፒከሩን ችፑዱ ላይ አትሰር። ከበላዩ ያለውን ሞራሌ (ችፑዱ የተመታበትን እንጨት) ፈልግና እሱ ላይ በብሎን እሰረው። በጣትህ እያንኳኳህ ሂድ፤ ባዶ ባዶ ሲልህ ቆይቶ ድፍን ያለበት ቦታ ላይ ሞራሌው አለ። ችፑድ ብቻውን ክብደት አይችልም፣ ቤዝ ሲመጣም ይንጫጫል። የላላ ሚስማር ካለ ያን ቀን ታውቀዋለህ፤ ፍንዳታ በመጣ ቁጥር ድርርር ይላል። መጀመሪያ እሱን አስጠብቅ።

ኮርኒስ መብሳት ለማይፈልግ ደግሞ ወደ ላይ የሚጮኹ ስፒከሮች አሉ። የታቹ ስፒከር አናት ላይ ይቀመጡና ድምፁን ጣሪያ ላይ አንጥረው ይመልሱልሃል። እነዚህ ጠፍጣፋና ጠንካራ ጣሪያ ይፈልጋሉ፤ ከፍታውም ከ2.3 እስከ 4.3 ሜትር ቢሆን ነው የሚመከረው። ኮምቦልቻ ያለው ቤት ጣሪያው ልስን ሶሌታ ነው፤ እዚያ ጥሩ ሠርተዋል። በቀጥታ ከላይ እንደተሰቀለው ቦታውን ቁልጭ አድርገው አያሳዩም፣ ግን ያሳምናሉ። እነዚያኑ ስፒከሮች አንድ ጓደኛዬ የጭቃ ቤት ወስደን ሞከርናቸው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ምንም የለም! ጨርቁ የሚያነጥረው ነገር የለውም፤ ድምፁ ግማሹ እዚያው ይዋጣል፣ ግማሹ ወደ ቆርቆሮው ያልፋል። ኮርኒስህ አቡጀዲ ከሆነ እነዚህን ስፒከሮች እርሳቸው። ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገህ ወደ መቀመጫው ዘንበል ያሉ ሁለት ስፒከሮች ስቀል፤ ይሻልሃል።

አራት አያስፈልግም ያልኩት በሶፋችን ምክንያት ነው። ሶፋ ግድግዳ አስጠግተን ነው የምንደረድረው። አራት ስፒከር ሲባል ሁለቱ ከፊትህ በላይ፣ ሁለቱ ከኋላህ በላይ ነው። ጣሪያው 2.8 ሜትር፣ ጆሮህ ደግሞ 1 ሜትር ላይ ከሆነ፣ በ45 ዲግሪ ለማስቀመጥ ከመቀመጫህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም 1.8 ሜትር ያስፈልጋል። ከኋላህ ግን ያለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሁለት ብቻ አድርግ፣ ከአናትህ በላይ ወይም እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት። ግራና ቀኙን ከፊተኞቹ ስፒከሮች ጋር አስተካክለው። የኮምቦልቻው ሳሎን ሶፋው መሃል ላይ ስለሆነ ነው አራቱ ትርጉም የሰጡት።

ክረምት ላይስ? ሐምሌና ነሐሴ ዶፉ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን የላዩን ስፒከር አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው አትሰማም። ለሁለት ወር ማታ ማታ ያለ እነሱ ነህ ማለት ነው። ይሄን ሻጩ አይነግርህም።

ከመግዛትህ በፊት የአምፕሊፋየርህን ጀርባ እይ። በአንድ ካርቶን የሚመጣው፣ ዲቪዲው አብሮ ያለበት ሆም ቲያትር ከሆነ ለላይ ስፒከር መውጫ የለውም። ያኔ ወጪህ ሁለት ስፒከር ብቻ አይደለም፤ አትሞስ የሚያውቅ ባለ ሰባት ቻናል አምፕ ጭምር ነው። ከኋላ ስፒከር ሽቦ ቀጥለህ ወደ ላይ አውጣው የሚሉህን አትስማቸው። ያው የኋላው ድምፅ ነው ከላይ የሚወጣው። ሁለት ባለ 6 ኦም ስፒከር በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 3 ኦም ይሆናሉ፣ አምፑም ሊቃጠልብህ ይችላል።

አምፑን መቀየር ካለብህ ደግሞ እኔ ብሆን ብሩን መጀመሪያ መሃለኛው ስፒከርና ሳቡ ላይ ነበር የማውለው። የላይኛው እንደ ጥቁር አዝሙድ ነው፤ ዳቦው ጥሩ ሲሆን ነው የሚያምርበት። እነሱ ደህና ከሆኑና አምፑ መውጫ ካለው ግን አብሽር፣ ሁለቱን ግጠም።

ኮርኒሱ ገና ካልተዘጋ፣ ስፒከሩን ባትገዛም ሽቦውን አሁኑኑ አሳልፍ። ባለ 1.5 ካሬ ይበቃል። በቱቦ ውስጥ ይሁን፤ የደሴ አይጥ ሽቦ አይቶ አያልፍም። የአምፑን ሞዴል፣ የሳሎኑን ልክና የኮርኒሱን ፎቶ እዚህ ለጥፍልንና ቦታውን አብረን እናየዋለን።