ኢንጂነሪንግና አርክቴክቸር ለምትመኙ፦ ስለ መግቢያው ፈተና ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም የምንመልሰው ከጎጃም የደረሱንን ደብዳቤዎች ነው። ፈተናው ስለተቃረበ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ወላጆችም ጽፈውልናል።

«ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። መሐንዲስ ካልሆንኩ ብላለች። ማትሪኩን ካለፈች ኢንጂነሪንግ ገባች ማለት ነው? ስንትስ ማምጣት አለባት?»
አባት፣ ከቢቸና

አባታችን፣ ገባች ማለት አይደለም። የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ያስገባታል። ኢንጂነሪንግ የሚያስገባት ግን ከዚያ በኋላ በፍሬሽማን (በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ) ዓመት የምታመጣው ውጤት ነው።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። እያንዳንዱ ከ100 ይታሰብና ድምሩ 600 ይሆናል። ማለፊያው የድምሩ ግማሽ፣ 300 ነው። በየትምህርቱ 50 ማምጣት ግዴታ አይደለም፤ የሚታየው ድምሩ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ።

አንድ ምሳሌ እንይ። ልጅዎ እንግሊዝኛ 48፣ አፕቲቲዩድ 55፣ ሒሳብ 40፣ ፊዚክስ 42፣ ኬሚስትሪ 56፣ ባዮሎጂ 64 አመጣች እንበል። ድምሩ 305 ነው፤ አልፋለች። ነገር ግን ውጤቱን ልብ ብለው ይዩት፦ ያሳለፏት ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ ወደ ኢንጂነሪንግ የሚወስደው መንገድ በሒሳብና በፊዚክስ ኮርሶች በኩል ነው፤ እዚያ ባዮሎጂ አይደርስላትም። በ305 የተደሰተ ቤተሰብ በዓመቱ «ልጃችን ያልፈለገችው ዲፓርትመንት ተመደበች» ብሎ የሚያዝነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከባዮሎጂዋ ላይ አምስት ነጥብ ከመጨመር ይልቅ ሒሳቧን ከ40 ወደ 55 ማድረስ ሁለት ጊዜ ይጠቅማታል፤ አንድ ጊዜ ለፈተናው፣ አንድ ጊዜ ለፍሬሽማኑ።

ዲፓርትመንት የሚደለደለው በተማሪው ምርጫ፣ በውጤቱና ክፍሉ በሚቀበለው ቁጥር ነው። የዓመቱን ዝርዝር መስፈርት ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ትጠይቅ። ከ2012 ዓ.ም. በፊት የገባ ዘመድ ሲመክራት ግን ይጠንቀቁ። ያን ጊዜ ፍሬሽማን ቀርቶ ስለነበር ተማሪው በቀጥታ ይመደብ ነበር፤ ምክሩ ለዛሬው አይሠራም።

በቅርብ ሁለት አማራጭ አላት፦ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ፖሊ» የሚለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ ወይም የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችን ከፈለገች ከሀገር አቀፉ ፈተና ሌላ የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አለ። ምዝገባው ለአጭር ጊዜ ስለሚከፈት ማስታወቂያውን በየቀኑ የሚያይላት ሰው ያስፈልጋል።

«የሒሳብና የፊዚክስ ቀመሮችን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ወርክሺት ላይ ግን መልሴ ከምርጫዎቹ መካከል ስለሚገኝ ልክ ነኝ ብዬ አልፋለሁ፤ ሲታረም ስህተት ነው። ምንድን ነው ችግሬ?»
ተማሪ፣ ከፍኖተ ሰላም

እኅታችን፣ ጥሩ አድርገሽ አስተውለሻል። መልስሽ ከምርጫዎቹ መካከል መገኘቱ ለልክነቱ ማስረጃ አይሆንም። ፈተና አውጪ የተሳሳቱትን ምርጫዎች ዝም ብሎ አይጽፋቸውም፤ ተማሪ የት እንደሚስት አስቦ፣ ስህተቱ የሚያደርሰውን ቁጥር ራሱን ያስቀምጣል።

ይህን ጥያቄ እዪው። ክብደቱ 1000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሳለ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ በ40 ሜትር ውስጥ አቆመው። የፍሬኑ አማካይ ኃይል ስንት ኒውተን ነው? ሀ) 64,800 ለ) 10,000 ሐ) 5,000 መ) 1,800

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ 72ን ለ3.6 አካፍለሽ ወደ 20 ሜትር በሰከንድ ትለውጫለሽ። ከዚያ የፍጥነቱን ካሬ ለርቀቱ እጥፍ ታካፍያለሽ፤ 400 ሲካፈል ለ80፣ 5 ይሆናል። በ1000 ሲባዛ 5,000 ኒውተን፤ መልሱ ሐ ነው። አሁን የቀሩትን ተመልከቺ። መለኪያውን ሳትለውጥ በ72 የሠራች ተማሪ 64,800 ታገኛለች። ርቀቱን እጥፍ ማድረግ የረሳች 10,000 ታገኛለች። ቀመሩ ጠፍቷት 1000ን በ72 አባዝታ ለ40 ያካፈለች 1,800 ታገኛለች። ሦስቱም ምርጫው ውስጥ ቁጥራቸው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።

በሒሳብም እንዲሁ ነው። «ሎግ በመነሻ 2 የቀ፣ ሲደመር ሎግ በመነሻ 2 የ(ቀ−2)፣ እኩል ነው 3» የሚል ቢመጣ፣ ቀ(ቀ−2)=8 ብለሽ ስትፈቺ 4 እና −2 ይወጣሉ። −2ን መልሰሽ ብታስገቢው የኔጌቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የለም። መልሱ 4 ብቻ ነው። «4 እና −2» የሚል ምርጫ ግን አይጠፋም።

እንግዲህ አጠናንሽን ለውጪ። አንድ ደብተር ለስህተት ብቻ ያዢ። ወርክሺት ባረምሽ ቁጥር የተሳሳትሽውን ጥያቄ ገልብጪና ከሥሩ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፊ፦ «መለኪያ አልለወጥኩም»፣ «ጥያቄውን ቸኩዬ አነበብኩ»፣ «ቀመሩን አላወቅኩም»። ከሠላሳ ስህተት በኋላ ቁጠሪው። ቀመሩን የማታውቅ ተማሪና መለኪያ የምትረሳ ተማሪ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ ቀመር የሚያውቅ ሰው ቀመር ሲሸመድድ ቢከርም ነጥቡ አይጨምርም።

ካልኩሌተር ፈተና ክፍል አይገባም። ስለዚህ በጥናትሽም ጊዜ አትንኪው። የ2 ስኩዌር ሩት 1.41፣ የ3 ደግሞ 1.73 መሆኑን፣ የ30፣ የ45 እና የ60 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን እንደ ስምሽ እወቂያቸው።

ስለ ሰዓት፣ በቆዩት የፈተና ወረቀቶች ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነበር። ይህ ለአንድ ጥያቄ ወደ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሁሉንም በተራ እየታገሉ መሄድ አያዋጣም። በመጀመሪያው ዙር ወዲያው የሚታይሽን ብቻ ሥሪ፤ በሁለተኛው ስሌት የሚፈልገውን፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለቀሩት ይሁኑ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስምና ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር። ከአራቱ ሁለቱን ምርጫ መጣል ከቻልሽ ዕድልሽ ከአራት አንድ መሆኑ ቀርቶ ከሁለት አንድ ይሆናል።

«ትምህርት ቤታችን ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። አሁን ሦስት ወር ቀርቶኛል። ከየት ልጀምር? ካላለፍኩስ?»
ተማሪ፣ ከዱርቤቴ

ወንድማችን፣ የጠፋው ጊዜ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ የቀረውን ግን መደልደል ይቻላል። ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ይጠይቃል። የ12ኛውን መጽሐፍ ይዘህ አትጀምር፤ መሠረቱ ከሌለ አንዱ ገጽ አንድ ቀን ይበላብሃል። ያለ ትሪጎኖሜትሪ ቬክተር አይገባህም፣ ያለ ቬክተር የኃይል ጥያቄ አይፈታም፤ ስሎፕን ያላወቀም ዴሪቬቲቭን ሊሸመድደው እንጂ ሊረዳው አይችልም። የመጀመሪያውን ወር ለታችኛው ክፍል አልጀብራ፣ ትሪጎኖሜትሪና የእንቅስቃሴ ግራፎች ስጠው። ሁለተኛውን ለ11ኛና ለ12ኛ። በሦስተኛው አዲስ ምዕራፍ አትጀምር፤ የቆዩ ፈተናዎችን ሰዓት ይዘህ ሥራ። እንግሊዝኛን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አንብብ፤ የፊዚክሱም የኬሚስትሪውም ጥያቄ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዱን ቋንቋ ስታሻሽል ሌሎቹም አብረው ይሻሻላሉ። መጻሕፍቱን ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርደህ ስልክህ ላይ አስቀምጣቸው።

ከ300 በታች ብታመጣም ነገሩ አያበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሜዲያል አለ። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ ያገኘ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለተወሰኑ ወራት ይማራል፣ ከዚያ ተፈትኖ ካለፈ ፍሬሽማን ይቀጥላል። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም ይቻላል።

«ስዕል እወዳለሁ፤ አርክቴክቸር መማር እፈልጋለሁ። የስዕል ፈተና አለው? ከአሁኑ ምን ልለማመድ?»
ተማሪ፣ ከሞጣ

በ12ኛ ክፍሉ ፈተና ላይ ስዕል የለም። አርክቴክቸር የሚፈልግም ሲቪል የሚፈልግም ያንኑ ስድስት ትምህርት ይፈተናል። የሚለያዩት ቆይተው ነው። በግንቦት 2016 ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመቱን ተሸክሞ እንዲቆም ማስላት የሲቪል መሐንዲስ ሥራ ነው፤ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ ብርሃን ከየት እንደሚያገኝ ማሰብ ደግሞ የአርክቴክቱ።

የሰው ፊት አሳምሮ መሣል የሚችል እጅ ብቻውን አይበቃህም፤ ዕቃን ከሦስት አቅጣጫ ማየት ልመድ። የአያቶችህን ጎጆ ውሰድ። የግድግዳው ክብ ስፋት 5 ሜትር፣ ክዳኑ በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ይሁን። በ1 ለ50 ልኬት ሣለው። ከላይ ሲታይ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ መካከሉ ላይ የጉልላቱ ነጥብ አለ። ግድግዳው ከክዳኑ ሥር ስለተደበቀ በ10 ሳንቲ ሜትር ክብ፣ በተቆራረጠ መስመር ይሣላል። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ነው፤ ወይ ጭራሽ ይተወዋል፣ ወይ በሙሉ መስመር ይሥለዋል። ከፊት ሲታይ ጎጆው ሬክታንግል ላይ የተቀመጠ ትሪያንግል ነው። እነዚህን ሥዕሎች በወረቀቱ ላይ ለመደርደር ሁለት ዘዴ አለ፦ በፈርስት አንግል ዘዴ ከላይ የታየውን ከፊት ከታየው ሥር ታስቀምጠዋለህ፤ በሰርድ አንግል ከበላዩ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አትቀላቅል።

እርሳስ ሦስት ይበቃሃል፦ ለመነሻ መስመር 2ኤች፣ ለጽሑፍ ኤችቢ፣ ለማድመቂያ 2ቢ። ለአይሶሜትሪክ (የዕቃውን ሦስት ገጽ በአንድ ላይ ለሚያሳይ ሥዕል) 30 ዲግሪ ያለው ሴት ስኩዌር፣ ማለትም ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያ ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ሥዕል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለህ ጊዜ የሒሳብ ነው።

«ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው ተባልን። ምን ይዘን እንሂድ?»
ተማሪዎች፣ ከደጀን

አድሚሽን ካርድና የተማሪ መታወቂያ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ከነማዘዣው። ስልክ፣ ስማርት ሰዓትና ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ቤት ይቅር፤ በር ላይ ተይዞ መጨነቅ ከፈተናው በፊት ያደክማል። ካርዱ እንደደረሳችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስማችሁ ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ካለው ሰነዳችሁ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ፤ ልዩነት ካለ ያን ቀን ለትምህርት ቤታችሁ አሳውቁ።

በወረቀት ለምትፈተኑ፣ ጥያቄ ስትዘሉ በመልስ ወረቀቱም ላይ ያንኑ ተራ ቁጥር ዝለሉ። 23ኛውን ዘሎ የ24ኛውን መልስ በ23 ላይ ያጠቆረ ተማሪ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያበላሻል። በየአሥር ጥያቄው ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። በኮምፒውተር ለምትፈተኑ፣ ማውስ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ በአካባቢያችሁ ባለ ኮምፒውተር ቢያንስ ሁለት ቀን ተለማመዱ። ከመጨረስ በፊት ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ዝርዝር ከፍታችሁ እዩ፤ ስክሪኑ ቆሞ እንቢ ካለም ራሳችሁ አትነካኩ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ ፈታኙን ጥሩ።