ሸክላ ሠሪዋም መምህር ትባል

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። የሥዕል ክበቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። የሜክሲኮ የእጅ ባለሙያዎች ሰው አገር ሄደው ትምህርት ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ሲሠሩ በቪዲዮ አየሁ። ልጆቹ ከወረቀት ባለብዙ ቀለም አውሬ ይሠራሉ። በጣም ቀናሁ። እኛ ጋ ሜክሲኳዊ ከየት ይመጣል? ያለ ባለሙያው ብንሞክረውስ ያስኬዳል? ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ለፈተና የማይመጣ ነገር ነው» ብለውኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መምህርት፣ በደንብ ያስኬዳል። መጀመሪያ ግን ስለ አውሬው ላውራሽ፤ ልጆቹ ማን እንደጀመረው ሳያውቁ እንዲሠሩት አልፈልግም።

አሌብሪሄ ይባላል። የጀመረው ፔድሮ ሊናሬስ የሚባል የሜክሲኮ ሲቲ ሰው ነው። ኑሮው ከወረቀትና ከሙጫ የበዓል አሻንጉሊት እየሠሩ መሸጥ ነበር። በፈረንጆቹ 1936 በጠና ታመመ። ትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ የቢራቢሮ ክንፍ ያለው አህያ፣ የበሬ ቀንድ ያለው አውራ ዶሮ፣ የንስር ራስ ያለው አንበሳ በሕልሙ አየ። ሲድን ያየውን በወረቀት ሠራው። በ1990 የአገሪቱን ብሔራዊ የጥበብ ሽልማት ሰጡት። ዋሃካ በሚባለው ክልል ደግሞ ማኑኤል ሂሜኔዝ የተባለ የአራሶላ መንደር ሰው በእንጨት ይቀርጽ ነበር። በ1980ዎቹ ሁለቱም አሜሪካ ድረስ ሄደው ሰው ፊት እየሠሩ አሳይተዋል።

አሠራሩ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። እነሱ አጽሙን በሸምበቆ ያስራሉ፤ እናንተ ቀርከሃ አላችሁ። ከሁላና ከአርቤጎና በኩል የሚመጣውን ቀርከሃ በቀጭኑ ሰንጥቆ የሚያዘጋጅላችሁ ሰው ፈልጊ፤ ስንጠቃውን ለልጆች አትስጪ። አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት በአምስት ኩባያ ውሃ በጥብጠሽ፣ እንደ አጥሚት እስኪወፍር እሳት ላይ አማስዪው። አሮጌ ጋዜጣ በረጅሙ ቀድዶ በዚህ ሙጫ እየነከሩ አጽሙ ላይ መለጠፍ ነው። አንዱ ድርብ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቡ፤ ውስጡ ይሻግታል። ስለዚህ በዝናቡ ወቅት አትጀምሩት፣ ጥቅምት ይሻላል። ሲደርቅ መጀመሪያ ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ሌላው ቀለም የሚደምቀው ከሥሩ ነጭ ሲኖር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንቺን ያስቀናሽ አውሬው ብቻ አይመስለኝም። ሠሪው ራሱ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ልጆች ከብበውት፣ ማን አስተማረህ፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ይሸጣል ወይ እያሉ ሲጠይቁት ማየትሽ ነው። ይሄን ለማግኘት ሜክሲኮ መሄድ አያስፈልግም። ቱላ ገበያ ሄደሽ ሸክላ ሠሪ ፈልጊ።

እዚያው ዋሃካ ውስጥ ሳን ባርቶሎ ኮዮቴፔክ የሚባል የሸክላ መንደር አለ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃ የሚያዞር ሞተር የላቸውም። አንዱን ጎድጓዳ ሳህን ደፍተው፣ ሌላውን ጀርባው ላይ አስቀምጠው፣ ጭቃውን እሱ ላይ በእጃቸው ያዞሩታል። በ1950ዎቹ ዶኛ ሮሳ የምትባል የዚያ መንደር ሴት፣ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በኳርትዝ ድንጋይ አሽታ፣ እሳቱንም ቀነስ አድርጋ ስትተኩሰው ጥቁርና አንጸባራቂ ሆነ። እንዲህ የተሠራው ዕቃ ግን ውሃ አይቋጥርም፤ ለጌጥ ነው። ዶኛ ሮሳ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ቁጭ ብላ እየሠራች ታሳይ ነበር። በ1980 ካረፈች በኋላም ቤተሰቦቿ ቀጥለውበታል።

የእኛን ጀበና አስቢው። የእኛም ሴቶች በእጃቸው ነው የሚሠሩት፣ በድንጋይ ነው የሚያለሰልሱት፣ በጭስ ነው የሚያጠቁሩት። በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ወገኖች ግን «ሀዲቾ» ተብለው ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ቡናችን የሚፈላው እጃቸው በሠራው ጀበና ነው! የእጅ ሥራ ሳስተምር አንዲት ልጅ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ጭቃ አልቀበልም አለች። «እናቴ አትንኪ ብላኛለች።» ሴትዮዋ ዝም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋን ወደ ክፍልሽ ስትጠሪ «የባህል ትርኢት» ብለሽ አታቅርቢያት። መምህር ብለሽ አስተዋውቂያት። በገበያ ቀን የምታገኘውን ያህል ክፈያት፣ የባጃጁንም ጨምሪ። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አስፈቅጃት። በሲዳምኛ ትናገር፤ ቋንቋውን የሚችሉት ልጆች ለሌሎቹ ያስተርጉሙ። እነዚያ ልጆች ያን ቀን እንዴት ቀና ብለው እንደሚቀመጡ ታያለሽ። እጃቸው ጭቃ ይንካ፤ የፈረሰውን እሷ ታርመው።

ለርዕሰ መምህሩ ደግሞ እንዲህ በያቸው። የሙጫው ልኬት ሒሳብ ነው። ጭቃ በእሳት ወደ ሸክላ መለወጡ ሳይንስ ነው። ኅብረተሰብም አለበት፦ ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አለ፤ ሜክሲኮ ሲቲም በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ የሆነ የባቡር ጣቢያ አለ። ልጆቹ ይሄን ሰምተው አውሬያቸውን ሲሠሩ ሥራው ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሐዋሳ። ለመዝጊያ በዓላችን ሜክሲኮዎች በገመድ የሚሰቅሉትን የተበሳ ወረቀት መሥራት እንፈልጋለን። በመቀስ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ የኔ ልጅ። በፑዌብላ ክልል ሳን ሳልቫዶር ዊሽኮሎትላ የሚባል ከተማ ሰዎች ብዙ ወረቀት ደራርበው በመሮና በመዶሻ ነው የሚበሱት። እናንተ ስስ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ግዙ። ሁለት ሦስቴ አጥፋችሁ፣ እጥፋቱ ላይ በመቀስ ቅርጽ አውጡ። ዳር ዳሩን አትንኩ፣ ይቀደዳል። የላይኛውን ጠርዝ በገመዱ ላይ አጥፋችሁ በሙጫ ለጥፉት። የሐይቁ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ደጅ ከሆነ ጠዋት ስቀሉት።