ዕቃዎቹ ለምን ተጣበቁ? ፋይሉስ ለምን ባዶ ሆነ?

ጥያቄ፦ የሱቃችንን የዕቃ ዝርዝር በፓይተን ወደ ጽሑፍ ፋይል ለማስቀመጥ እየሞከርኩ ነው። ራይትላይንስ በተባለው ትእዛዝ ስጽፈው፣ ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፔ ላይ «ጤፍምስርሽሮ» ሆኖ በአንድ መስመር ተጣብቆ ወጣ። ያንኑ ፕሮግራም ሱቅ ባለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሳስኬደው ደግሞ የስሕተት መልእክት አውጥቶ ቆመ፤ ትናንት በኖትፓድ የተየብኩት የቆየ ዝርዝርም ከፋይሉ ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የኮምፒውተሩ?

አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ራይትላይንስ ስሙ «መስመሮችን ጻፍ» ስለሚል እያንዳንዱን ዕቃ በየራሱ መስመር የሚያሰፍር ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን አንዱን ቃል በሌላው ጭራ ላይ መቀጠል ብቻ ነው። መስመር የሚያስቀይረውን ምልክት፣ ማለትም ባክስላሽ ኤንን፣ እርስዎ ካልጨመሩለት በራሱ አይጨምርም። በእኔ እምነት ለጀማሪ የሚሻለው፣ ባክስላሽ ኤንን ማያያዣ አድርጎ ዝርዝሩን በጆይን ወደ አንድ ጽሑፍ መለወጥና ያንን በራይት አንድ ጊዜ መጻፍ ነው። ጆይን ማያያዣውን የሚያስገባው በዕቃዎቹ መካከል ብቻ በመሆኑ በመጨረሻው ላይ አንድ ባክስላሽ ኤን ያክሉ፤ አለዚያ ነገ በርበሬ ሲጨምሩ «ሽሮበርበሬ» የሚባል አዲስ ሸቀጥ ሱቅዎ ይገባል። በዝርዝሩ ውስጥ ቁጥር ካለም ጆይን ስለማይቀበለው አስቀድመው በኤስቲአር ወደ ጽሑፍ ይለውጡት።

የጠፋው ዝርዝር ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ፋይሉን የከፈቱት «ደብሊው» በሚባለው ስልት እንደሆነ እገምታለሁ። በዚህ ስልት የተከፈተ ነባር ፋይል ባዶ የሚሆነው አዲሱ ጽሑፍ ሲሰፍርበት ሳይሆን ገና ሲከፈት ስለሆነ፣ አንዲት ፊደል ሳትጻፍ ፕሮግራሙ ቢሰናከል አሮጌው ጠፍቶ አዲሱም ሳይተካ ይቀራል። የእርስዎን ፕሮግራም ያሰናከለው ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደላት በፋይሉ ውስጥ በቁጥር የሚቀመጡበት ሥርዓት፣ ሳይሆን አይቀርም። እስከ 3.14 ባሉት የፓይተን 3 እትሞች፣ ኢንኮዲንግ ካልነገሩት ፓይተን የኮምፒውተሩን ልማድ ይከተላል፤ ይህም በሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ 8፣ በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ 1252 የተባለው የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ሰንጠረዥ ነው። ያ ሰንጠረዥ ከ256 ምልክት በላይ ስለማይይዝ ለ«ጤ» ቦታ የለውም። በዩቲኤፍ 8 ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይዞ ስለሚቀመጥ «ጤፍ» 6 ባይት ሆኖ ያለችግር ይሰፍራል።

ስለዚህ ፋይሉን በኦፕን ሲከፍቱ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በግልጽ ይጻፉለት፤ ሥራው ሲያበቃ ፋይሉ በራሱ እንዲዘጋም ኦፕንን በዊዝ ሥር ያድርጉት። በነባሩ ላይ መጨመር ብቻ ከፈለጉ ከ«ደብሊው» ይልቅ «ኤ» የተባለውን ስልት ይጠቀሙ። ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ የሚተኩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በሌላ ስም ጽፈው፣ ሳይሰናከል መጠናቀቁን ካረጋገጡ በኋላ በኦኤስ ሪፕሌስ በአሮጌው ቦታ ይተኩት።

የጠፋውን ፓይተን አይመልስልዎትም። የትናንቱ የኖትፓድ መስኮት ገና ክፍት ከሆነ ግን ዝርዝሩ እዚያው ሊኖር ስለሚችል፣ ሳይዘጉት አሁኑኑ በሌላ ስም ያስቀምጡት።